ሦስት ትውልድ የሚቆይ ስም

ቆቦ ገበያ መሀል ቆሞ «የይመር ቤተሰቦች የት ነው የሚኖሩት?» ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ በመልስ ፈንታ ጥያቄ ይገጥመዋል። «የትኛው ይመር? የማን ልጅ?» ይሉታል። የአባቱን ስም ቢነግራቸው ደግሞ «የጎብዬው ነው የሮቢቱ?» ይከተላል። እንግዳው አሜሪካ ተወልዶ ያደገ ከሆነ ግራ ይገባዋል። በፓስፖርቱ ላይ ያለው «ይመር» ለእሱ የቤተሰቡ ሁሉ ስም ነው። አባቱም፣ ወንድሞቹም፣ ሚስቱም ሳትቀር በዚሁ ይጠራሉ። ቆቦ ላይ ግን ይመር አንድ ሰው ነው፤ ምናልባትም ከሞተ ብዙ ዘመን ያለፈው አንድ ገበሬ።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ልዩነቱ ስም የሚሠራው ሥራ በሁለቱ አገር አንድ አለመሆኑ ነው። ይህን ለመረዳት የቤተሰብ ስም እንዴት እንደሚወለድ አስቀድሞ ማየት ይጠቅማል፤ ለዚህም በሰነድ ብዛት የምትመቸው እንግሊዝ ናት።

ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 እንግሊዝን ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው ሕዝብ የሚጠራው በአንድ ስም ነበር። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሦስት መቶ ዓመታት ገደማ ግብር ሰብሳቢውና የመሬት መዝጋቢው አንዱን ጆን ከሌላው ጆን ለመለየት የሠፈሩን፣ የሙያውን፣ የአባቱን ወይም የመልኩን ምልክት ከስሙ ጎን መጻፍ አበዙ። ምልክቱ መጀመሪያ የሰውየው ብቻ ነበር። ኋላ ግን ለልጁም ተረፈ፤ መዶሻ ጨብጦ የማያውቀው የአንጥረኛ ልጅ «ስሚዝ» ተብሎ ቀረ። አንጥረኛ በየመንደሩ ስለነበረ ስሚዞች ዛሬም እልፍ ናቸው። ከአንዲት ትንሽ መንደር የወጣ ስም ግን ከአንድ ሰው ብቻ ሊጀምር ይችላል። በተፈጥሮ ፊልሞቹ የምናውቀው የዴቪድ አተንቦሮ ስም ከእነዚህ አንዱ ነው፤ ኖቲንግሃምሸር ውስጥ አተንቦሮ የምትባል መንደር አለች። የሌስተር ዩኒቨርሲቲዎቹ ቱሪ ኪንግና ማርክ ጆብሊንግ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የዘረመል ጥናት፣ ይህን ስም ከሚይዙት ወንዶች ከአሥሩ ዘጠኙ የሚጠጉት፣ አጻጻፉ ቢለያይም፣ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚያልፈው ዘረመላቸው አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኝቷል። የአንድ ሰው ዘር ናቸው ማለት ነው።

እንዲህ ያለውን ስም በካርታ መከተል ይቻላል። የደብር መዝገቦች እ.ኤ.አ. ከ1538 ጀምሮ አሉ፤ የ1881 ሕዝብ ቆጠራም ስም በስም ተገልብጧል። በቆጠራው ላይ ብርቅ ስም ብዙ ጊዜ በትውልድ መንደሩ ዙሪያ ተሰብስቦ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ፋብሪካ ከተሞች፣ አልፎም ወደ አውስትራሊያና አሜሪካ ይበተናል። አንዳንዱ ደግሞ ይጠፋል። ፍራንሲስ ጋልተን እ.ኤ.አ. በ1873 ይህን የሒሳብ ጥያቄ አድርጎ አቀረበው፤ መልሱን የሠራው ሄንሪ ዋትሰን የተባለ ቄስ ነው። ስም በወንድ ልጅ ብቻ የሚተላለፍ ከሆነ በየትውልዱ ወንድ ልጅ ሳይተዉ የሚያልፉ ይኖራሉ፤ የእነሱም ስም አብሯቸው ይቀበራል። ማንም ክፉ ሳይሠራ፣ ወረርሽኝም ሳይገባ፣ በዕድል ብቻ ስሞች እያነሱ ይሄዳሉ።

ቆቦ ወዳለችበት ወደ ራያ እንመለስ። እኛ ዘንድ ስም አይወረስም፤ ቦታ ይለውጣል እንጂ። እንበል ሮቢት ላይ እንድሪስ ይመርን ወለደ። ይመር ካሳን፣ ካሳ ሰይድን፣ ሰይድ ሐጎስን ወለዱ። የመጀመሪያው ልጅ ይመር እንድሪስ ይባላል። ልጁ ካሳ ይመር እንድሪስ ነው። የልጅ ልጁ ሰይድ ካሳ ይመር ሆነ። ሐጎስ ላይ ስንደርስ መታወቂያው የሚለው ሐጎስ ሰይድ ካሳ ነው፤ ይመር የለበትም። አንድ ስም በሰነድ ላይ ሦስት ትውልድ ይቆያል፤ መጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ የአባት ስም ሆኖ፣ በመጨረሻም የአያት። ከዚያ ከገጹ ይወጣል። እንግሊዝ አገር ስም ለመጥፋት የዘር መቋረጥ ያስፈልገዋል። ቆቦ ላይ ግን ዘሩ እየበዛም ስሙ ይወጣል።

በነገራችን ላይ ብቻችንን አይደለንም። አይስላንዶችም በአባት ስም ነው የሚጠሩት። እ.ኤ.አ. በ1925 ባወጡት ሕግ አዲስ የቤተሰብ ስም መያዝን ከልክለዋል፤ የስልክ ማውጫቸውም እንደ እኛው በራስ ስም ፊደል ተራ የተደረደረ ነው። ቱርክ በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1934 እያንዳንዱ ዜጋ የቤተሰብ ስም እንዲመርጥ በሕግ አዘዘች። ስለዚህ የቤተሰብ ስም የሥልጣኔ ደረጃ መለኪያ ነው የሚለው አስተሳሰብ አያስኬድም።

ታዲያ እኛ ለምን አልያዝንም? ብዙ ሰው «ባህላችን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ መልስ አይደለም፤ ባህሉ ራሱ ምክንያት አለው። እኔን የሚያሳምነኝ የመሬትና የጋብቻ ነገር ነው። በአማራ ደጋ አገር እስከ 1967 ድረስ በቆየው የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ አለን ሆበን ዳሞት፣ ጎጃም ላይ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ በዝርዝር እንዳሳየው፣ አንድ ባለርስት በብዙ አቅጣጫ ወደ ብዙ አቅኚ አባቶች ይቆጥራል፤ በእናቱ እናት በኩል የሚያገኘው ድርሻ ከአባቱ ወገን የተሻለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለ ሰው በአንድ የወንድ መስመር ብቻ የሚወርድ ስም ምን ያደርግለታል? እንዲያውም ይጎዳዋል፤ የአንዱ ወገን ነህ ብሎ ከሌላው ያስወጣዋል። መሬት ላራሹ በየካቲት 25 ቀን 1967 ታውጆ ርስት ቢቀርም፣ የመቁጠሩ ልማድ ግን ሌላ ሥራ ስለነበረው አልቀረም።

ያ ሥራ ጋብቻ ነው። በኦርቶዶክሳውያን ዘንድ እስከ ሰባት ቤት የሚዛመዱ አይጋቡም። ስለዚህ ልጅ ከመታጨቱ በፊት ሽማግሌዎች በሁለቱም ወገን ይቆጥራሉ፦ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዥላት እያሉ። ወደ ላይ ሰባት ትውልድ ብንሄድ በዚያ ደረጃ ብቻ 128 ወላጆች አሉን። የቤተሰብ ስም ከእነዚህ የአንዱን ብቻ ነው የሚያስታውሰው። 127ቱን የሚረሳ ምልክት ለጋብቻ ሽማግሌ ፋይዳ የለውም።

የዚህ ሁሉ ምርጥ ማሳያ ከቆቦ ብዙም ሳይርቅ፣ ወልድያን ይዞ ካለው የጁ ይገኛል። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ራስ ዓሊ ዓሉላ አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ (በኋላ አፄ ቴዎድሮስ) እስከተሸነፉበት 1845 ድረስ በጎንደር ነገሥታት ስም አገር ያስተዳደሩት የየጁ መሳፍንት ናቸው። የታሪክ ጸሐፊዎች ወረ ሼህ ይሏቸዋል። የቤተሰብ ስም ከሚባለው ነገር በጣም የቀረብነው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ግን ማንኛቸውም «እገሌ ወረ ሼህ» ተብለው አልተጠሩም። ወረ ሼህ የወገኑ መጠሪያ ነው፤ ሰው የሚጠራው በአባቱ ነው።

ከእነሱ መሀል ራስ ጉግሣ መርሳ እ.ኤ.አ. እስከ 1825 ገዙ። ልጆቻቸው ይማም፣ ማርዬና ዶሪ በየተራ ራስ ሆኑ፤ ሦስቱም «ጉግሣ» የአባት ስማቸው ነው። ቀጥሎ የመጣው የልጅ ልጃቸው ዓሊ ዓሉላ ነው፤ ጉግሣ ወደ አያት ቦታ ተገፋ። ከዚያ ወዲያ በወንዱ መስመር ስሙ ከሰነድ መውጣቱ ነው።

አሁን ወደ ሴቶቹ ዞር እንበል። የራስ ጉግሣ ልጅ ሂሩት የስሜኑን ደጃዝማች ኃይለ ማርያም ገብሬን አግብታ ብጡልን ወለደች። ብጡል እቴጌ ጣይቱንና ራስ ወሌን ወለዱ። ራስ ወሌ የጁን ገዙ። ልጃቸው ራስ ጉግሣ ወሌ የንግሥት ዘውዲቱ ባል የነበሩትና እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1930 አንቺም ላይ የወደቁት ናቸው። የስማቸውን ሐረግ እስከ ላይ ብንጽፈው ጉግሣ ወሌ ብጡል ኃይለ ማርያም ገብሬ ይሆናል። አስተውሉ፤ በዚህ ሐረግ ራስ ጉግሣ መርሳ የሉበትም፤ ምክንያቱም መንገዱ በሂሩት በኩል ነው። ሆኖም ስሙ ራሱ በአራተኛው ትውልድ በልጅ ልጅ ልጅ ልጅ ላይ እንደገና ብቅ ብሏል። ስም በእኛ ዘንድ የሚጓዘው እንዲህ ነው፤ በሐረግ ተጎትቶ አይወርድም፤ ዘሎ ይወጣል።

በተቃራኒው የስም መመሳሰል ብቻ ይዞ ዘመድ የሚያደርግ ሰው ይሳሳታል። በ1928 ወደ ጣሊያን የከዱት ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ ጉግሣ ከየጁዎቹ ጉግሣዎች ወገን ናቸው ብሎ የሚያስብ የውጭ አንባቢ አይጠፋም። አባታቸው የትግራዩ ራስ ጉግሣ አርአያ ሥላሴ ናቸው። «ጉግሣ» የቤተሰብ ስም ቢሆን ኖሮ ግምቱ ትክክል በሆነ ነበር።

ወሎ ላይ ደግሞ ስም ሃይማኖትንም በቀላሉ አያስነግርም። በ1870 ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የተጠመቁት የወሎው መሐመድ ዓሊ ሚካኤል ተብለው ኋላ ንጉሥ ሚካኤል ሆኑ። የራሳቸውን ስም ለወጡ፤ የአባታቸው ስም ግን ዓሊ ነው፤ የአባትን ስም ማንም አያጠምቀውም። ስለዚህ ከእስላም አያት የተወለደ ክርስቲያን፣ ወይም ከክርስቲያን አያት የተወለደ እስላም ስሙ ሙሉ ሲጻፍ የቤቱን ታሪክ ይዞ ይወጣል። ይመር፣ ይማም፣ አመዴ የሚሉ ስሞች ጆሮ ላይ ሲወድቁ «ወሎዬ ነው» ያሰኛሉ፤ ዱዓ ያድርግ ቅዳሴ ያስቀድስ ግን በስሙ ብቻ አይለይም። ቆቦ ላይ ሌላም አለ። ምሥራቁ ከዞብል ወዲያ አፋር ነው፤ በሰሜን አላማጣ ትጎራበታለች። ትግርኛውም አማርኛውም በአንድ ገበያ ስለሚሰማ ሐጎስና ኪሮስ ከይመርና ከሰይድ ጋር በአንድ ግቢ ይጠራሉ። አንዱ ጋ ተስፋዬ የተባለው ሌላው ጋ ተስፋይ ይሆናል።

በዚህ ሁሉ ላይ የክርስትና ስም አለ፤ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ሲጠመቁ የሚሰጣቸውና ከቤተ ክርስቲያን ውጭ እምብዛም የማይነገረው። ለመኳንንት ደግሞ የፈረስ ስም ነበር፦ ንጉሥ ሚካኤል አባ ሻንቆ፣ አፄ ምኒልክ አባ ዳኘው። አንድ ሰው እስከ ሦስት ስም ይኖረዋል፤ አንዱም ግን የቤተሰብ ስም ሆኖ ወደ ልጁ አይተላለፍም።

እንግዶችን እንኳ በራሳችን ደንብ ነው የተቀበልናቸው። ከእንግሊዙ ጄነራል ናፒየር ጦር ጋር በ1860 በአሸንጌ አድርጎ ወደ መቅደላ የዘመተው አስተርጓሚ ትሪስትራም ስፒዲ ቀደም ብሎም አፄ ቴዎድሮስን አገልግሎ ነበር። ስፒዲ እንግሊዝ ውስጥም ብርቅ ስም ነው። አገሬው ግን ባሻ ፈለቀ ነው ያለው። ስማቸውን ሳያስቀይሩ የቆዩት አርመኖቹ ናቸው። በ1916 ከ40ዎቹ አርመን ወላጅ አልባ ልጆች ጋር የመጣው ሙዚቀኛ ኬቮርክ ናልባንዲያንና የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን አንድ ስም ይዘዋል። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያንም የአርመን አያት ስም ይዞ ነው የታወቀው።

ሕጉስ? ብዙ ሰው ሲሰማ የሚደነቅበት ነገር እዚህ አለ። በ1952 የወጣውና ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የግል ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል፤ በአስተዳደር ሰነዶችም የቤተሰብ ስሙ ቀድሞ እንዲጻፍ ይላል። በወረቀት ላይ እነሆ ከ60 ዓመት በላይ የቤተሰብ ስም አለን። ቆቦ ላይ ግን ወሊድ የሚያስመዘግብ አባት የሚሰጠው የልጁን፣ የራሱንና የአባቱን ስም ነው። ሕግ አውጪው የፈለገው ከአገሩ ልማድ ጋር ስላልገጠመ ሰዉ እንዳልተጻፈ ቆጠረው። ቅር አላለኝም።

ሕጉ ያልቻለውን የሠራው ሌላ ነገር ነው፤ አውሮፕላን። በዓለም አቀፉ የፓስፖርት ደንብ የስም ቦታ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ለቤተሰብ ስም፣ ሌላው ለግል ስም። ሦስት ስም ይዞ የሄደ ሰው አንዱን «የቤተሰብ» በሚለው ሥር ማስገባት አለበት። አንዱ የአባቱን ያስገባል፣ ሌላው የአያቱን። ያ ስም ከዚያ ቀን ጀምሮ ቦታ መቀያየሩን ያቆማል፤ ለልጁም ለልጅ ልጁም ይተላለፋል። ዘፋኙ ዘ ዊክንድ ሙሉ ስሙ አቤል መኮንን ተስፋዬ ነው፤ ዓለም የቤተሰብ ስሙ አድርጎ የሚጠራው ተስፋዬ የአያቱ ስም ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴን ግን የውጭ ጋዜጦች ሁሌም በአባቱ ይጠሩታል። ዲባባ እህትማማቾቹ እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ለፈረንጅ «የዲባባ ቤተሰብ» ናቸው፤ ዘመዳቸው የሆነችው ደራርቱ ቱሉ ግን በዚያ ቆጠራ ባዳ ሆና ታርፈዋለች። ጥሩነሽም ስለሺ ስህንን ስታገባ ስሟ ያው ነበር።

የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ቢሮ መቶና ከዚያ በላይ ሰው የሚይዛቸውን የቤተሰብ ስሞች ዝርዝር ያወጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2010ሩ ላይ ከ162,000 በላይ ስም አለ። ከነዚህ መሀል ተስፋዬ፣ በቀለ፣ ከበደ ተቀምጠዋል። ተመልከቱ፤ አዲስ አበባ ላይ በየትውልዱ ሲወጣና ሲገባ የኖረ ስም ዋሽንግተን ላይ ቆሞ ቀረ። በእንግሊዝ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በብራና ላይ የሆነው ነገር ዛሬ በኢትዮጵያውያን ላይ በኤምባሲ መስኮት እየሆነ ነው። ከአንድ ሰው የሚጀምሩ ብርቅ የቤተሰብ ስሞች እየተወለዱ ያሉት በእኛ ዘመን ነው፤ ያ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ ከአገር ወጥቶ የማያውቅ አያት ነው።

ይህ አወላለድ ንጹሕ አይደለም። ጥምር ስም ለሁለት ይሰነጠቃል፤ የገብረ ማርያም ልጅ «ማርያም» የሚባል የቤተሰብ ስም ይዞ ይገኛል። በላቲን ፊደል አንዱ ወንድም ኃይሌን በአንድ መንገድ ሲጽፍ ሌላው በሌላ ይጽፈዋል፤ ልጆቻቸው ሁለት ቤተሰብ ይሆናሉ። አንዱ ወንድም የአባቱን፣ ሌላው የአያቱን ካስመዘገበም እንደዚያው።

ከራያ ወደ ባሕር ማዶ የሚወስደው መንገድ ግን በአብዛኛው ወደ አሜሪካ አይደለም። ብዙው ወጣት በጅቡቲና በየመን አድርጎ፣ ሴቶቹም በቤት ሠራተኝነት ውል፣ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ነው የሚሄዱት። እዚያ የስሙ ችግር ሌላ መልክ አለው። ሥራ ለማግኘት ብለው የእስላም ስም ይዘው የሄዱ ክርስቲያን ሴቶች አሉ፤ አንዳንዴ የአባትም ስም አብሮ ይቀየራል። ከኅዳር 2006 ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከሳዑዲ የተመለሱት ኢትዮጵያውያን ከ160,000 በላይ ነበሩ። ከተመለሱት መሀል በጉዞ ሰነዳቸው ላይ ያለው ስም እናታቸው ከምትጠራቸው ስም የተለየባቸው ነበሩ። ከአሜሪካው ስም በተቃራኒ ይህኛው ስር አይሰድም፤ ውሉ ሲያልቅ ይወድቃል።

አገር ውስጥ ደግሞ የመለየቱን ሥራ ቁጥር እየተረከበው ነው። የፋይዳ ብሔራዊ መታወቂያ መለያ ቁጥር 12 አሃዝ አለው። ሁለት ሰይድ ካሳ ይመር ቆቦ ላይ ቢኖሩ ባንኩ በቁጥሩ ይለያቸዋል፤ ቀድሞ ለዚህ የእናት ስም ነበር የሚጠየቀው። እንግሊዞች ጆንን ከጆን ለመለየት የቤተሰብ ስም ፈጠሩ። እኛ ያንን ደረጃ ዘለን ወደ አሃዙ ገባን።

ውጭ ተወልዶ ዘመድ ፍለጋ ወደ ቆቦ የሚመጣ ሰው እንግዲህ የቤተሰብ ስሙን ብቻ ይዞ ብዙ አይሄድም። የሚያስፈልገው የአባቱ ሙሉ ሐረግ ቢያንስ እስከ አራት፣ የአያቱ እናት ስምና መንደሯ፣ የሚሳለሙበት ደብር ወይም የሚሰግዱበት መስጊድ ነው። አጻጻፉንም በግእዝ ፊደል ያስጽፍ፤ ከላቲን ተመልሶ የተነበበ ስም ሽማግሌ ፊት ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ከደብር የሚጠይቅ ከሆነ የዓለም ስም ይዞ አይሂድ፤ ሟቹ በፍትሐትና በተዝካር የተጠሩት በክርስትና ስማቸው ነው፤ ካህኑም የሚያስታውሱት እሱን ነው።